ለክዎክ ሚንግ የቀረበ ሩዝ

ሱይ ላን የባሏን የክዎክ ሚንግን ሩዝ ከሁሉም አስቀድማ ጨለፈችና በባዶው ወንበር ፊት አኖረችው። እጇ አላርፍ ብሏታል። አማቷ መብያ እንጨቶቹን ከሳህኑ አጠገብ ቢያጋድሟቸው ክዎክ ሚንግ ዘንድሮም በሕይወት አለ ማለት ነው። ሩዙ ላይ ቀጥ አድርገው ቢተክሏቸው ግን ሞቷል፤ ለሙት እንዲያ ነውና የሚቀርበው። ያኔ እሷም ነጻ ናት። የአውስትራሊያዋ ዳርዊን ከተማ በጃፓኖች ቦምብ ከተደበደበች ወዲህ፣ የቻይናውያን ዘመን በተለወጠ ቁጥር፣ አሮጊቷ ከማጋደም ተቆጥበው አያውቁም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከብሪዝቤን የመጣው ልብስ ሰፊ ሌዎንግ ላግባሽ ብሏታል። ወደዚያ የሚመለስበት መርከብ ዛሬ አመሻሹ ላይ ይነሳል። የሰው ሚስት ይዤ አልሄድም፣ መጀመሪያ ቤተሰቡ ይልቀቅሽ ሲል ቁርጡን ነግሯታል። አማቷ ይህን ሲሰሙ ዳክዬውን መገነጣጠላቸውን ቀጠሉ።

ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይወቅጠዋል። የባሏ አጎት ሆፕ እንደ ልማዱ ያንን የቦምብ ጠዋት ማውራት ጀመረ። አውሮፕላኖቹ ብቅ ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ የአሜሪካኖች መስለውት፣ ደጅ ወጥቶ እጁን ሲያውለበልብላቸው ነበር።

«እኔማ ዳክዬዬን ታቅፌ ቦይ ውስጥ ተወተፍኩ» አለ። «እሷ ጭጭ ስትል የምጮኸው እኔ ነበርኩ።»

ሳቁ፤ በየዓመቱ እዚህ ላይ ይሳቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አይነካውም። ክዎክ ሚንግ በዚያች ሰዓት ወደብ ላይ ጭነት ያራግፍ ነበር። ጫማው እንኳ አልተገኘም።

ሱይ ላን ተነሥታ ደጁን አየች፣ ተመለሰች፣ የጸዳውን ጠረጴዛ ደግማ ወለወለች።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አላት ሆፕ።

ጠረጴዛውን መወልወሏን ቀጠለች። እኚህ ሴትዮ ልጃቸውን አልቀብርም ብለው እኔን ከነነፍሴ ቀበሩኝ እያለች በሆዷ ትብሰለሰል ነበር።

አማቷ ተነሥተው እንጨቶቹን አነሱ። እጃቸውን ወደ ሩዙ ሰደዱና መለሱት። ከዚያ ዘወር አሉና እንጨቶቹን ለሱይ ላን ዘረጉላት።

«እኔ ወልጄዋለሁ፤ መቅበር አልችልም። ባልሽ ነው፣ እንጨቶቹን አንቺ ትከዪለት።»

ተቀበለቻቸው። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር እጇ ገባ፤ ከእንግዲህ የሚከለክላት የለም። ያን ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ ስትቆልፍለት አንገቱ ላይ ችፍ ያለው ላብ ትዝ አላት። ሩዙ ገና ይጨሳል። እንጨቶቹን አቀናች፣ ዝቅ አደረገቻቸው፣ እንደገና አነሳቻቸው።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ይብረድለት። ትኩስ አይወድም።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማንም መብላት አልጀመረም፤ ሁሉም እንጨቶቹን የያዘውን የሱይ ላንን እጅ ያያሉ።