የገደኛው መቀስ

«ለመሆኑ መቀሱን ለማን ልትሰጪው ነው?» አለ የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ፣ ወደ ሟቹ ልብስ ሰፊ ሚስት ጆሮ ጠጋ ብሎ። ሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ ድምፁ ግን ሦስተኛ ሰፈር የተኛ ሰው ይቀሰቅሳል። ከቀብር መልስ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።

የሟች ታላቅ ወንድም ከጥግ ሆኖ ሰማ። የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ምን ዓይነት ሰው ነው! መቀስ አጥቶ ነው?» አለ በሆዱ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ትናንት አፈር ሲመለስ ያሰበው ስለዚያው መቀስ ነበር።

«ገደኛ እኮ ነው ያጣነው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ እንባዋን እየጠረገች። «ልጄን ስንቱ አይቶ ሲያልፋት፣ እሱ ቆርጦ የሰፋላትን ቀሚስ በለበሰች በሳምንቷ ታጨች።»

«ቀሚስ ብቻ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «የሱን ሱሪ ለብሶ የዘበኝነት ሥራ ሊጠይቅ የገባው ዳይሬክተር ሆኖ ወጣ አይደል? ገዱ ያለው እዚያ መቀስ ላይ ነው!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ልብስ ሰፍተዋል። ጨርቁ አንድ፣ ክሩ አንድ። ደንበኛው ግን ታላቅየውን እንደ ጉቶ ዘሎ ታናሽየው ፊት ይሰለፋል፤ ሰልፉ ሰፈሩን ዞሮ ከገዛ ጭራው ጋር ይገናኝ ነበር። ታላቅየው የሰፋውን ኮት የለበሰ አንድ ሙሽራ ዝናብ ስለመታው ብቻ፣ ሰፊው «ገደ ቢሱ» የሚል ስም ወጣለት።

ይባስ ብሎ ታናሽየው በየማለዳው መርፌውን ይዞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ክር አስገባልኝ» ይለዋል። ታናሽየው ራሱ ደመና ላይ ያለች አሞራ ወንድ ትሁን ሴት የሚለይ ዓይን እያለው! ታላቅየው የተናቀ መስሎት ይንገበገባል። ባለፈው ሰኞ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ራስህ አስገባ! አሽከርህ አይደለሁም!»

ታናሽየው ፈገግ አለ፤ መርፌዋን ኮቱ ኮሌታ ላይ ሰካት። ከዚያን ቀን ወዲያ አንድ ስፌት አልሰፋም። ሐሙስ ልቡ ቆመ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ታላቅየው ወደ ጓዳ ዘልቆ መቀሱን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ዞር ቢል የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች።

«ውሰደው ጋሼ፤ ምን ያስደብቅሃል» አለች በደከመ ድምፅ። «አምና የገዛው ነው። የፊተኞቹ ሦስቱ ተሰብረው ተጥለዋል።»

«ታዲያ ገዱ...?»

«ገዱማ ያንተ እጅ ነበር። ‹ጋሼ ክር አስገብቶ ያላስጀመረኝ ሥራ አይቀናም› ይል ነበር። ‹እኔ ላስገባልህ› ስለው መርፌውን ደብቆ ይሮጣል! ሠላሳ ዓመት በእጅህ ስቀና ኖርኩ፣ ጋሼ።»

«ለምን... ለምን አልነገረኝም?»

«ገድ ሲነገር ይሸሻል ብሎ ነዋ።»

«አገኛችሁት?» አለ ጸጉር አስተካካዩ በበሩ አንገቱን አስግጎ። ታላቅየው መቀሱን ከብብቱ አውጥቶ፣ ፊቱን እንኳ ሳያይ አቀበለው።

የሟች ኮት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። መርፌዋም ኮሌታው ላይ ባዶዋን እንደተሰካች ናት። ታላቅየው ነቀላት። ክር በጥርሱ በጠሰ። አንዴ ሳተ፣ ደግሞ ሳተ። የክሩን ጫፍ በምላሱ አርሶ እንደገና ሞከረ። ገባ። ጫፉን ቋጠረና መርፌዋን እዚያው ኮሌታ ላይ መልሶ ሰካት።