አረንጓዴ የተቀባ ነፋስ

አለቃው ቀይ ቀለም አይወዱም። ሌላ ሰው ቀይ ባይወድ ሸሚዝ ሲገዛ ይመርጣል፣ ያበቃል፤ እሳቸው ግን የሄሊኮፕተር ፋብሪካ የዲዛይን ኃላፊ ናቸውና ጣጣው ለሰው ሁሉ ተረፈ። ሠራተኛው በሌሉበት «አባ ያምራል» ይላቸዋል። ምን ቢያሳዩአቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ያምራል ወይ?» ብለው ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ክንፍ ወልደዋል፤ ከሄሊኮፕተር አናት ላይ የሚሽከረከረውን ማለቴ ነው። ጫፉን በገዛ እጃቸው ነድፈው አጎበጡት፣ አቆነጁት። ይሠራል አይሠራም የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሷ ተወረወረ። የእሷ ሥራ ክንፉ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ማብረር ነው። አየሩን አድቅቃ ትከታትፈዋለች፣ ማሽኑም እያንዳንዷ ቁራጭ ጎረቤቷን እንዴት እንደምትገፋ ሲያሰላ ይሰነብታል። መጨረሻ ላይ ሥዕል ይወጣል፦ አየሩ ክንፉን ተጠግቶ የሚያልፍበት አረንጓዴ፣ ጥሎት የሚሄድበት ቀይ።

የአለቃው ክንፍ ቀላ። ሄሊኮፕተሯ ዝግ ስትል ደህና ነው፤ ፈጠን ስትል ግን ወደኋላ በሚዞረው ክንፍ ላይ አየሩ ይከዳና ጫፉ ቲማቲም ይመስላል። በዚያ ክንፍ የበረረ ሰው ወደ ጎን ተደፍቶ ይወርዳል።

«ምንድን ነው ይሄ ቁስል የመሰለ?» አሉ አለቃው።

«አየሩ እየለቀቀው ነው። ጫፉ መስተካከል አለበት።»

«ክንፉ ምንም አልሆነም። ያስጠላው ሥዕልሽ ነው። ቦርዱ ቀይ ካየ ይደነግጣል፤ አረንጓዴ አድርጊና አምጪው።»

መሐንዲሷ ሞኝ አይደለችም። ግን «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው ከአለቃ ጋር አይሟገትም። ከውጤቱ አንድም ቁጥር አልነካችም፤ ቀዩ የሚጀምርበትን ልክ ብቻ ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። ክንፉ ያው፣ ነፋሱ ያው፣ ሥዕሉ ግን ዝናብ የጠገበ መስክ ሆነ። «ልኩ ከሥር ተጽፏል፣ የፈለገ ያንብበው» ብላ ራሷን አጽናናች። ከሥር የተጻፈ ነገር የሚያነብ ቦርድ ማን አይቶ ያውቃል እንግዲህ። ደግሞም የመብረሩ ተራ የሌላ አብራሪ እንጂ የወንድሟ አልነበረም። የሰው ልጅ ሲሆን ሥዕል ነው፣ የእናት ልጅ ሲሆን ነፍስ ነው።

በስብሰባው ቀን አለቃው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ፤ ቦርዱም አጨበጨበ። ባለተራው አብራሪ ወገቡን አሞት ቀርቷልና በእሱ ፈንታ የመሐንዲሷ ታናሽ ወንድም ተጠራ። እሱም እዚያው ፋብሪካ የሙከራ አብራሪ ነው።

«ጥያቄ አለህ?» አሉት አለቃው።

«ምን ጥያቄ ይኖረኛል» አለ እየሳቀ። «የሠራችው እታለም አይደለች? እሷ አረንጓዴ ካለች ዓይኔን ጨፍኜ እነሣለሁ።»

መሐንዲሷ እፍረቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጣባት። ብድግ አለች።

«ክንፉ ቀይ ነው» አለች። «አረንጓዴ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ። ፈጠን ሲል ይገለብጠዋል።»

አለቃው ሳል ያዛቸው። «ይህ እንግዲህ የቀለም ምርጫ ጉዳይ ነው» ብለው ሊያልፉት ነበር፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ግን መነጽራቸውን ፈልገው ከሥር ያለውን አነበቡ፣ መልሰውም አነበቡ። በረራው ቀረ። ለአለቃው ክንፍ ማጥኛ ኮሚቴ ተቋቋመለት፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ራሳቸው አለቃው።

ወንድሟን ኮሪደር ላይ ሮጣ ደረሰችበት። እቅፍ አድርጎ የሚያመሰግናት መስሏት ነበር፣ ምስኪን።

«ተቆጣህ እንዴ?»

«ኧረ አልተቆጣሁም።» እርምጃውን ገታና ዞረ። «አምና ያጣራሽውስ ክንፍ? ልጄን አሳፍሬ የበረርኩበት?»

«እሱ እውነተኛ አረንጓዴ ነው። እናቴ ትሙት።»

«የሁለታችንም እናት ናት፣ እሷን ተያት» አላት ቀስ ብሎ። «ያን ውጤት ብቻ እንዳለ ላኪልኝ። ለሌላ ሰው አሳየዋለሁ።»