ከነሰው የተጫነው ማድ ቤት

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የወይዘሮ ትርንጎ ማድ ቤት በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ባለቤታቸው አቶ ምናሴ ውስጡ ነበሩ።

ማድ ቤቱን የወሰደው አዳማ ውስጥ የሚሠራ አንድ የቤት ዕድሳት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሰው ቤት ገብቶ አይሰብርም፣ ሲሚንቶ አያቦካም። ማድ ቤቱን ከሌላው ቤት ለይቶ ያወጣና ወደ ራሱ ወርክሾፕ ይወስዳል፤ እዚያ አድሶ መልሶ ይገጥማል። እስከዚያ ድረስ የቤቱ ባለቤት ዘንድ የሚቀረው በላስቲክ የተሸፈነ ክፍተት ብቻ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ድርጅቱን የመረጡት የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ማድ ቤት አምና በዚሁ መንገድ ሄዶ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አምሮበት ሲመለስ በዓይናቸው አይተው ነው። በወሬ የሚያምኑ ሴት አይደሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ።

ስህተቱ የተፈጠረው በልኬቱ ጊዜ ነው። መሐንዲሱ ውብሸት አራት ተሸካሚዎች ይዞ መጣ፤ ሜትር የሚይዝለት ሠራተኛ ግን ታሞ ቀርቶበት ነበር። አቶ ምናሴ ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ማድ ቤት ገብተው አያውቁም። እናታቸው ወንድ ልጅ ማድ ቤት አይገባም ብለው ነው ያሳደጓቸው፤ ውሃ ሲጠማቸው እንኳ የሚጠይቁት ከደጃፉ ቆመው ነው። መሐንዲሱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ፋዘር፣ ይቅርታ፣ የሜትሩን ጫፍ ቢይዙልኝ ሲላቸው ግን ይሉኝታ ያዛቸው። እንግዳ ሰው ለምኗቸው እንቢ ያሉበት ጊዜ የለም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

መሐንዲሱ ከማቀዝቀዣው አጠገብ አቆማቸውና እንዳይንቀሳቀሱ ነገራቸው። አልተንቀሳቀሱም። ልኬቱ አልቆ የማድ ቤቱ ፕላን በሥዕል ከሰፈረ በኋላ መሐንዲሱ ወረቀት ለማስፈረም ወደ ሳሎን ወጣ። ይበቃል የሚላቸው ሰው ስላልነበረ አቶ ምናሴ እዚያው ቆሙ። እሳቸውም በበኩላቸው የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው፤ ሚዛን ላይ ያለ ነገር ከተነቃነቀ ንባቡ እንደሚበላሽ ያውቃሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ሳሎን ውስጥ የፈረሙበት ወረቀት አንድ ለውጥ ብቻ ይጠይቃል፤ በግራ ግድግዳ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ወደ ቀኝ ግድግዳ እንዲዛወር። ሊፈርሙ ብዕር ሲያነሡ ተሸካሚዎቹ ማድ ቤቱን አንሥተው በጓሮ በረንዳው በኩል ወጥተው ደረጃውን መውረድ ጀምረዋል። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተቀረቀረባቸው። እዚያ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ከድጃ በራቸውን ሲከፍቱ አቶ ምናሴን በማድ ቤቱ መስኮት አዩዋቸውና በጠዋቱ ወዴት ነው ብለው ጠየቋቸው። አቶ ምናሴም ሊታደስ ነው መሰለኝ ብለው መለሱ። ሁለቱ ስለ ውሃ መጥፋት ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ማድ ቤቱ በጎኑ ዘንበል ተደርጎ አለፈ።

ወይዘሮ ትርንጎ ባላቸውን ሳሎን፣ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ፈልገው ሲያጡ ስልክ ደወሉ።

«የት ነህ?»

«ፖስታ ቤቱን አለፍን።»

«ለምን አልወጣህም?»

«ይበቃል ያለኝ ሰው የለማ» አሉ አቶ ምናሴ።

መሐንዲሱ ሲደወልለት ሥዕሉን ገልጦ አየ። አዎ፣ አሉ አለ። ከማቀዝቀዣው በስተግራ፣ አንድ ሰው፣ ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት። ሥዕል ውስጥ የገባ ነገር እስከ ርክክብ ድረስ እንደማይወጣ በትሕትና አስረዳቸው። በቀጣዩ ቀን ደግሞ አቶ ምናሴ ራሳቸው ደውለው ይህ እውነት መሆኑን አረጋገጡላቸው። ደፉን ለመሻገር ሦስት ጊዜ ሞክረዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የሰነዘሩት እግር ተመልሶ ያረፈው እዚያው ማድ ቤቱ ውስጥ ነው።

በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ትርንጎ ባጃጅ ይዘው ወደ ወርክሾፑ ሄዱ። ወርክሾፑ በወንጂ መንገድ ላይ ያለ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ማድ ቤቶቹ በብሎኬት ላይ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ሲቆጥሯቸው ሠላሳ ሦስት ሆኑ። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። የሳቸው ሃያ ስድስት ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ከፊት ለፊቱ ባለው ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ቧንቧ ሊያይ ገብቶ አብሮ የተለካ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል።

አቶ ምናሴ ሽርጥ አሸርጠው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ወይዘሮ ትርንጎ መስኮቱ ሥር ቆመው አዩዋቸው። ባላቸው ቢላዋ ሲይዙ ሲያዩ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

«ማዘር፣ ለሳምንት ይተዉልን» አለ የቧንቧ ሠራተኛው ከማዶ። «ሽንኩርት ከድንች መለየት ገና አሁን ነው የጀመሩት።»

አቶ ምናሴ እንዳልሰሙ ሆነው ከድስቱ ምስር በማንኪያ ጨልፈው በመስኮቱ አቀበሏቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ቀመሱና ጨው በዝቶበታል አሉ። አቶ ምናሴ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። እጁ ይንቀጠቀጣል። መጨመር ያሰቡት ቁንጥር ነበር፤ የተበተነው ግን ሌላ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሞቹ መድኃኒት ሰጥተው ነበር፤ እጁ መድኃኒቱንም ይዞ ተንቀጠቀጠ። አቶ ምናሴ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም አይበሉም። በቀኝ ከጎረሱ ወጡ ልብሳቸው ላይ ይፈሳል፤ በሰው ፊት በግራ ከመብላት ደግሞ ጾም ማደርን ይመርጣሉ። አሁን የሟች ወንድማቸው ልጅ ልትዳር ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። በአባቷ ቦታ ተቀምጠው ሙሽሮቹን የሚያጎርሱት እሳቸው ናቸው። በግራ እጅ አይጎረስም፣ በግራ እጅ ማጉረስም አይሆንም። ልጅቷን ሌላ ሰው ያጉርሳት ብለው ሁለት ጊዜ መልክተኛ ልከዋል፤ ልጅቷ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሳ መልሳለች።

መሐንዲሱ ውብሸት መጥቶ አጠገባቸው ቆመና ሥራው ዓርብ እንደሚሠራ ነገራቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ማጠቢያውን ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት እንደሚያዛውሩት ጠየቁ።

«እኛ አንሰብርም» አለ። «ሙሉውን እንገለብጠዋለን። በግራ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በቀኝ ያለው ወደ ግራ።»

«ሁሉ ስትል?»

«ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ።»

ወይዘሮ ትርንጎ መስኮቱን ቀና ብለው አዩ። አቶ ምናሴ መክተፋቸውን አቁመዋል። ሁለቱን እጆቻቸውን ፊታቸው አቅርበው ተራ በተራ ይመለከታሉ።

መሐንዲሱ ምርጫውን ግልጽ አደረገላቸው። ፊርማቸውን ካነሡ ማድ ቤቱ በማግሥቱ እንዳለ ይመለሳል፤ ባለቤታቸውም እንዳሉ ይወርዳሉ። ካላነሡ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ይገለበጣል። ሰው ተገልብጦ ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቁት ሰው የለም፣ አንድ ድመት ግን ነበረች አለ። ደኅና ናት።

«ደኅና መሆኗን እንዴት አወቅህ?»

«ባለቤቷ አልደወለችም።»

ወይዘሮ ትርንጎ ይህን እንደ ማስረጃ አልተቀበሉትም። ሥዕሉን ተቀብለው መረመሩት። የባላቸው ቁመት አለ፣ የትከሻቸው ስፋት አለ። ሌላ ነገር የለም። የቀረው ሰውዬስ ወዴት ይሄዳል ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱ ሥዕሉ ላይ ለሌለ ነገር ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ ገለጸ።

«ትርንጎ» አሉ አቶ ምናሴ ከመስኮቱ። «ይገልብጡኝ።»

«ከዚያ ወዲያ አንተ ትሆናለህ?»

«ማንን ልሆን ነው ሌላ?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

አቶ ምናሴ ጥቂት አሰቡ። «አላውቅም» አሉ። «ልጅቷን ግን አጎርሳታለሁ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ፊርማቸውን አላነሡም።

ዓርብ ለማየት ሄዱ። አራቱ ተሸካሚዎች አራቱን ማዕዘን ያዙ፤ መሐንዲሱ በበሩ በኩል ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ የጀርባውን ግድግዳ ያዘና እንደ ካልሲ ወደ ራሱ ሳበው። የረጠበ አንሶላ ሲራገፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ትርንጎ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሥራው አሥራ አንድ ደቂቃ ወስዷል። ማድ ቤቱ ጸጥ ሲል ማጠቢያው በቀኝ ነበር። አቶ ምናሴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ቃላቸው ቀኜ የቱ ነው የሚል ነበር። የቧንቧ ሠራተኛው ከማዶ እጁን አንሥቶ አሳያቸው፤ ፊት ለፊት ስለነበረ ያሳያቸው ግን ተሳስቶ ነው፤ መሐንዲሱ አረመው።

ሰኞ ማድ ቤቱ ተመለሰ። ሲገጠም አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልተረፈም። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያና የቅመም ዕቃዎቹ ጽሑፍ ወደ ኋላ ዞሮ ስለነበር አንድ ሠራተኛ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። ይህ የውሉ አካል ነው።

ከዚያ ወይዘሮ ትርንጎ ባላቸውን መረመሩ። ከቀኝ ቅንድብ በላይ የነበረው ጠባሳ ወደ ግራ ሄዷል። የጸጉራቸው ክፍፍል ዞሯል። ደረታቸው ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ልብ የሚመታው በቀኝ በኩል ነው። የናታቸውን ስም፣ የተጋቡበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ልጃቸው የወደቀበትን የትምህርት ዓይነት ጠየቋቸው። ሁሉንም በትክክል መለሱ። በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጢም አድርገው ሞልተው በቀኝ እጃቸው አስያዟቸውና ዐሥር ደቂቃ ቆጠሩ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ግራ እጃቸው ከጠረጴዛው በታች ይንቀጠቀጣል፤ እሱን ግን ማንም አያየውም።

ወይዘሮ ትርንጎ ብርጭቆውን ተቀበሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በድርጅቱ ደንብ ርክክብ የሚፈረመው ማድ ቤቱ ውስጥ ምግብ ተሠርቶ ሲበላ ነው። አቶ ምናሴ ምስር ሠሩ። መሐንዲሱ ቅጹን በክላሴር ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ብላ ሲሉት ከሰዓት ሌላ ርክክብ ስላለው ይቅርታ ጠየቀ። ወይዘሮ ትርንጎ ከባላቸው በስተቀኝ ተቀመጡ። በስተግራ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

አቶ ምናሴ ባረኩ፤ ከዚያ በቀኝ እጃቸው እንጀራውን ቆርሰው ምስሩን ጠቀለሉ። ጣቶቻቸው እንደ ልጅ እጅ ቀስ ይላሉ፤ ነገር ግን ጸጥ ያሉ ናቸው። ጉርሻውን አንሥተው፣ በማጠቢያው በኩል ወዳሉት ሚስታቸው ሳይሆን ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ።

«እንቺ፣ ትርንጎ» አሉ።

«ምናሴ፣ እዚህ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ከቀኛቸው።

አቶ ምናሴ ወደ ባዶው ወንበር እያዩ ፈገግ አሉ። «አየሁሽ እኮ።»

ጉርሻው ከጣቶቻቸው ተለየ። ጠረጴዛው ላይ አልወደቀም፣ መሬትም አልወደቀም። አቶ ምናሴ እጃቸውን መለሱና ጣታቸውን አዩት፤ ንጹሕ ነው። ጉርሻ አንድ ስለማይሆን ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመሩ።

መሐንዲሱ ብዕሩን ቅጹ ላይ አሳርፎ፣ የማድ ቤቱን ተጠቃሚዎች ሁለት ብዬ ልሙላ ወይስ ሦስት ብሎ ጠየቀ።

በባዶው ወንበር በኩል የማኘክ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ያለ፣ አፉን የዘጋ፣ የጨዋ ሰው ማኘክ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ በምላሳቸው አፋቸውን ዳሰሱ፤ ምንም የለበትም። ማኘኩ ቆመ።

ጉርሻውን የዋጠው የወይዘሮ ትርንጎ ጉሮሮ ነው።