ከሰገነት የወደቀው ሰላይ

እትዬ ጀሶ የስለላ ፊልም ነፍሳቸው ነው። ስሙን ያወጡላቸው በሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል የሚሠሩ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የተሰበረ እጅና እግር በጀሶ ሲጠቀልሉ ነውና። በዚያ ክፍል አንድ ልማድ አላቸው። ፋሻውን ውሃ ውስጥ ከመንከራቸው በፊት በሽተኛውን «እስቲ እንዴት እንደወደቅክ ንገረኝ» ይላሉ። ሰው ቢዋሽ አጥንቱ ያሳብቅበታል። ሰክሮ የወደቀውንም፣ ባሏ የገፈተራትንም በዚህ ይለያሉ።

ዛሬ ሲኒማ ቤት የገቡት በክብር ነው። አንድ ልጃቸው ለፊልም ሠሪዎች መኪና እነዳለሁ ብሏቸዋል፤ ይህም ፊልም እሱ የሠራበት ነው። ለባልደረቦቻቸው አፋቸውን ሞልተው አውርተው ሲያበቁ፣ ከልጃቸው ጎን ቁጭ ብለው ፈንዲሻቸውን እየቆረጠሙ ይገመግሙ ጀመር።

«ይሄ ሰላይ ወሬ ያበዛል» አሉት በሹክሹክታ። «ሽጉጥ ተደግኖበት ይቀልዳል እንዴ? እኔ ብሆን ምላሴ ነው የሚተሳሰረው።»

«ዝም ብለሽ እዪ፣ እማ።»

የመኪናው ማሳደድ ግን ደስ አላቸው። ቆንጆዋ ሴት ከሃዲ መሆኗን ከማንም ቀድመው አወቁና ኮሩ። ከዚያ ሰላዩ ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ዘሎ የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ ወደቀ። የሚታየው ጀርባው ብቻ ነበር። ሲነሳ ግራ እጁን ከሥር በቀኙ ደግፎ፣ አንድ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ሮጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እትዬ ጀሶ አላጨበጨቡም። ያንን ትከሻ የወለዱት እሳቸው ናቸው። ያንን የእጅ አያያዝ ደግሞ በየቀኑ ሥራ ቦታ ያዩታል፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንጂ የሚያስመስል ሰው እንደዚያ አይዝም። ልጃቸው መኪና አይነዳም ኖሯል። የተዋናዩን ልብስ ለብሶ በሱ ፈንታ የሚወድቀው እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ግራ እጁ አብጦ ሲመጣ «ሻወር ቤት አዳልጦኝ ነው» ብሏቸው ነበር። ስብራቱ ከከፍታ የወደቀ ሰው ስብራት ነበር። የባዕድ ልጅ ቢሆን ደጋግመው በጠየቁት። የራሳቸው ሲሆን ጊዜ ግን እንባቸው ቀደማቸውና ያለውን አምነው ጠቀለሉለት። አሁን መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የተናደዱት በልጁ ይሁን በራሳቸው መለየት አቃታቸው። የቀረውን ፊልም ዓይናቸው አየው እንጂ ልባቸው እዚያ አልነበረም።

መብራቱ ሲበራ ልጁ «እሺ፣ እንዴት አየሽው?» አላቸው።

«ድብድቡ ጥሩ ነው። ወሬው በዝቷል። ያ ከሰገነት የወደቀበት ግን ተቆርጦ መውጣት ነበረበት።»

«ሰው ሁሉ የወደደው እኮ እሱን ነው።»

«እጅህ ሲሰበር ነው ያጨበጨቡት።»

ልጁ ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ዳይሬክተሩ ቆርጦ ሊያወጣው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲቆይ የለመንኩት እኔ ነኝ። ለሚቀጥለው ፊልም የጠሩኝም በሱ ነው። አሁን የምዘለው ከድልድይ ላይ ነው። እስከ ነገ መልስ ስጠን ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ እናቴ ፊልሙን አይታ እሺ ትበል አልኳቸው።»

እትዬ ጀሶ ሲኒማ ቤቱ ደጅ ላይ አቁመው የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩት፤ ስለተሰበረ አከርካሪ፣ ዊልቸር ላይ ስለቀረ ጎረምሳ፣ በማንኪያ የምታጎርሰው እናቱ ስለሞተችበት ልጅ። ከዚያ ለመኑት። ልጁ ጫማውን እያየ ሰማቸው እንጂ «እሺ» የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እንግዲያው ስትሰበር እኔ ጋ እንዳትመጣ። ሰምተሃል? ሌላ ሰው ይጠቅልልህ።»

«ማን ጋ ልሂድ ታዲያ፣ እማ?»

ሊቆጡ ነበር። ድልድዩ፣ ውሃው፣ እጁን ደግፎ በአጥንት ክፍሉ ኮሪደር ብቻውን ወረፋ ሲጠብቅ በዓይናቸው ላይ መጣባቸው።

«እኔው ጋ ነዋ» አሉት። «ሌላ ማን አለህ?»

ልጁ ቀና አለ፤ ፊቱ በራ። ጉንጫቸውን ሳማቸውና ስልኩን አውጥቶ ፈንጠር ብሎ ደወለ።

«እናቴ እሺ ብላለች» ሲል ሰሙት።