አገር የረገጠው ጤፍ

በማንኩሳ አቅራቢያ፣ በእናኑ ጤፍ መካከል አንድ ቀጭን መንገድ እንደ ሰንበር ተጋድሟል። ክረምቱ ሲገባ አልነበረም። የባሏ ተዝካር የሚወጣው በዚህ ጤፍ ነው፤ ሌላ ማሳ የላትም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩላት። መንደርተኛው በማሳው ጫፍ ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ በየተራ ሊምል ነው።

ጎረቤቷ ታከለ ቀድሞ ተነሣ።

«ይህን መንገድ ያወጣሁት እኔ ከሆንሁ ዘሬ አይብቀል። ገበያ ረፍዶብኝ አንድ ቀን አቋርጫለሁ፤ ያውም መንገድ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

ጥሩዬም ማለች። «የታመመ ልጅ አዝዬ ነበር። መንገድ ባይኖርማ ሰው ጤፍ ውስጥ ምን አገባኝ?»

የቀሩትም እንዲሁ ማሉ። እናኑን ያንገበገባት ከመካከላቸው አንድም የዋሸ አለመኖሩ ነው።

«እንግዲህ ጥፋተኛ አልተገኘም» አሉ ሰብሳቢው አያ ባዬ።

«ታዲያ ጤፌን ጅብ ነው የረገጠው?»

«ሰው ነው እንጂ። ግን የትኛው? የአንድ ሰው እግር ጤፍ አይገድልም፤ በማግሥቱ ቀና ይላል።»

«እኮ! ማንም አላጠፋም፤ ጤፌ ግን ጠፋ። እንግዲያው የምከሰው አገሩን ነው። በአንድ ላይ ተነሡና ‹እኛ አላወጣነውም› ብላችሁ ማሉልኝ!»

ታከለ ሳቀ። «አገር እንዴት ይምላል እቴ? አፍ የለው!»

«ለመርገጡ ጊዜስ እግር ከየት አመጣ?»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም አጠገቡ ያለውን አየ እንጂ የተነሣ የለም። አያ ባዬ መርቀው ጉባኤውን በተኑ፤ ዘንጋቸውንም አንሥተው፣ እንደ ልማዳቸው፣ በዚያው መንገድ ገቡ። መንደርተኛው ከኋላቸው ተከተለ።

እናኑ ሮጣ ቀደመቻቸውና መሀል መንገዱ ላይ ተቀመጠች።

«በሉ እኔንም ርገጡኝ! አንድ አንድ እግር ብቻ፤ ማን ይሞታል!»

አያ ባዬ ደንግጠው ቆሙ። ከኋላ ያሉት ግን ምን እንደ ሆነ ስላላዩ ይገፋሉ። «ኧረ ሂዱ እንጂ!» ይላል አንዱ። ሽማግሌው ላለመውደቅ አንድ እግራቸውን ጤፉ ውስጥ አሳረፉ፤ «አፉ በይኝ እናኑ» እያሉም ዞረዋት አለፉ። ታከለ የእሳቸውን ዱካ ተከተለ፤ ጥሩዬ የታከለን፤ ሌላውም ከፊቱ ያለውን።

ሁሉም ካለፉ በኋላ እናኑ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ከገበያ የሚመለስ አንድ እንግዳ አህያውን እየነዳ መጣ። መሀል መንገድ የተቀመጠች ሴት ሲያይ ግራ ተጋባ። ከዚያ በጎኗ የዞረውን አዲሱን መንገድ አየና፣ «እንደምን ዋሉ» ብሎ አህያውን በዚያ ነዳ።