አሥራ ሁለተኛዋ ብስክሌት

ከአቆርዳት ወጥተው የደረቀውን የባርካን ወንዝ እንደተሻገሩ ፀሐይ በግራ በኩል ብቅ አለች። የብስክሌተኞቹ ጥላ በቀኝ፣ በአሸዋው ላይ ረዝሞ አብሯቸው ይሮጥ ጀመር። ዘሚካኤል ከሁሉም ኋላ ነበር። የመካኒክ ቦታ እዚያ ነው፤ ጎማው የተነፈሰበት፣ ሰንሰለቱ የወለቀበት ሁሉ ወደ እሱ ይቀራልና። ከእሱ በስተኋላ የምትመጣው ውሃና ስንቅ የጫነችው የጭነት መኪና ብቻ ናት።

ወልደአብ ከመኪናዋ ላይ አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል።

«አያ ዘሚካኤል! ባረንቱ የምንደርሰው ለዚህ ፋሲካ ነው ወይስ ለሚመጣው?»

«አንተ ምን አለብህ፣ እንደ ሙሽራ ተጭነህ!»

ሳቁ እስከ ፊተኞቹ ደረሰ። ወልደአብም ሳቀ፤ አንድ እጁ ግን አጠገቡ የተጋደመችውን የተሰበረች ብስክሌት እንደያዘ ነበር።

ከአሥመራ ከተነሡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በባረንቱ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሚያስተምሩ፣ በየቀኑ ሩቅ መንገድ በእግራቸው የሚመላለሱ አሥራ ሁለት መምህራን አሉ። ለእነሱ የሚሆኑ አሥራ ሁለት ብስክሌቶች አሥመራ ውስጥ ከየሰዉ ግቢ ተለምነው፣ ታድሰው፣ ቀለም ተቀብተው ነበር። በመኪና ቢጫኑ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። የሰፈሩ ብስክሌተኞች ግን እምቢ አሉ። የሚሰጥ ብስክሌት አስቀድሞ ሰጪው ይነዳዋል፤ ሊሰበር ያለ ነገር ካለ ከሰጪው ሥር ይሰበር እንጂ ከተቀባዩ ሥር አይሰበርም። ደንባቸው ይህ ነው።

ደንቡ ልክ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ታየ። ወደ ኤላበረድ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የወልደአብን ብስክሌት የፊት ጎማ የያዘው ሹካ ከብየዳው ተሰንጥቆ ለቀቀ። ልጁን ሣር ተቀበለው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክርኑ ብቻ ተላጠ። ያንን ሹካ መርምሮ «ደህና ነው» ያለው ዘሚካኤል ነበር። በብየዳው ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ቀለሙን በቢላ ልፋቀው ወይስ ልተወው ብሎ ጥቂት ቆሞ እንደነበር ትዝ ይለዋል። አምሮበት ነበርና ተወው።

ያን ዕለት ከረን ሲደርሱ የቡድኑ መሪ ለምለም፣ በወጣትነቷ በውድድር የታወቀችው፣ ሁሉንም ሰብስባ «እንግዲህ አንዱ መምህር እስከሚመጣው ዓመት ይጠብቃል፤ ምን ይደረግ» አለች። ማንም ወደ ዘሚካኤል አላየም። እሱን የጨነቀውም ይኸው አለማየታቸው ነበር። ከሁሉም መካከል በገዛ ብስክሌቱ የመጣው እሱ ብቻ ነውና።

ብስክሌቷ ከእሱ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል። በመሃሏ ብረት ላይ ሚስቱን ለተንስኤን አስቀምጦ ለእጮኝነታቸው ፎቶግራፍ ሊነሡ ሄደዋል። ሦስቱን ልጆቹን በየተራ ትምህርት ቤት አድርሶባታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በጨርቅ ያብሳታል፤ ለጎረቤት እንኳ አውሷት አያውቅም። ከቤት ሲወጣ ለተንስኤ በሩ ላይ ቆማ «ሁለታችሁም በሰላም ተመለሱ» ብላው ነበር፤ ግማሹ ምርቃት፣ ግማሹ ተረብ።

ነፋሱ ከፊት መጣ። ብስክሌተኞቹ አንድ ረድፍ ሠሩ፤ ፊት ያለው ሲደክመው ወደ ጎን ይወጣል፣ የሚቀጥለው ነፋሱን ይቀበላል። ማንም ትእዛዝ አይሰጥም። ዘሚካኤል ከኋላ ሆኖ ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ጉልበቱም በዚህ ዕድሜው የጠበቀውን ያህል አላስቸገረውም። በልቡ ጸሎት ጀመረ። ልስጥ ወይስ አልስጥ የሚለውን ሊጠይቅ ነበር አሳቡ። ጥቂት እንደሄደ ግን ራሱን ሲያዳምጥ፣ «ምናለ አንዱ መምህር ዛሬ ባይመጣ» እያለ መሆኑን ሰማ። አፈረ፤ ቀጥሎ ብቻውን ሳቀ።

ለምለም ፍጥነቷን ቀንሳ አጠገቡ መጣች።

«ምን ያስቅዎታል፣ አያ?»

«ሰንሰለትሽ ደርቋል። ስንቆም ዘይት አደርግልሻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።»

«አውቃለሁ።»

ጥቂት ጎን ለጎን ነዱ።

«ማንም አይጠይቅዎትም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔም አልጠይቅም። ተጠይቆ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ይሄ ግን ከዚያ አይደለም።» ይህን ብላ ወደ ፊት ሄደች።

ረፋዱ ላይ ከመንገድ ዳር ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። ከአቆርዳት የገዙትን ሙዝ ተከፋፈሉ። ወልደአብ «መንዳቱ ቀርቶብኛል፣ ሙዙ እንኳ አይቅርብኝ» ብሎ ሁለት አነሣ፤ ሰደቡት፤ ሦስተኛም ጨመረ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ከፍ ከፍ ማለት ያዘ። የባረንቱ ኮረብቶች ሲታዩ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።

መምህራኑ ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቋቸው። ዘሚካኤል ሳይፈልግ ቆጠራቸው። አሥራ ሁለት ናቸው።

ለምለም ስም እየጠራች አሥራ አንዱን አስረከበች። እልልታ ሆነ፤ እጅ ተጨባበጡ። መጨረሻ የቀረችው ሉሲያ የምትባል የአካባቢው የኩናማ ሕዝብ ተወላጅ፣ ከሁሉም ራቅ ካለው መንደር የምታስተምር፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ቀጭን ሴት ነበረች። ለምለም የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት።

«ግድ የለም» አለች ሉሲያ። «ዋናው ልጁ አለመጎዳቱ ነው። እኔን እግሬ ለምዶታል።» ዘወር ብላም ለእንግዶቹ ውሃ መቅዳት ጀመረች።

ዘሚካኤል ብስክሌቱን ይዞ ከግድግዳው አጠገብ ቆሟል። ሉሲያን አያት። ቁመቷን አየ። ኮርቻው ይረዝምባታል፣ አራት ጣት ያህል መውረድ አለበት ብሎ አሰበ። ልቡ ገና ሲከራከር ዓይኑ መለካት መጀመሩን ያወቀው ይህን ጊዜ ነው።

«መምህርት፣ እስቲ ክንድሽን አምጪ።»

«ምን አጠፋሁ?»

ሰዉ ሳቀ። ዘሚካኤል ጣቶቿን ከፔዳሉ መዞሪያ ላይ አስነክቶ ኮርቻው ብብቷ ጋ የት እንደሚደርስ አየ። መፍቻውን አወጣ። ብሎኑ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተፈትቶ አያውቅምና እምቢ አለ። ወልደአብ ሳይጠራ መጥቶ መሪውን ግጥም አድርጎ ያዘለት። ብሎኑ ላላ። ኮርቻው እየተንቋቋ አራት ጣት ወረደ።

«መንዳት ታውቂያለሽ?»

«የአባቴን ብስክሌት እየሰረቅኩ ነው የተማርኩት።»

«ይቺን መስረቅ አያስፈልግሽም፤ ያንቺ ናት። የግራ ፍሬኗ ቁጡ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ቀኙን አስቀድሚ።»

ሉሲያ ወደ ለምለም አየች፤ ለምለም ወደ መሬት አየች። ከዚያ ሉሲያ ቀሚሷን ሰብስባ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፤ መጀመሪያ ተንገዳገደች፤ ቀጥሎ ተስተካክላ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች። በሁለተኛው ዙር በበሩ ወጥታ ቁልቁል መንገዱን ያዘች።

ለምለም «አያ ዘሚካኤል» ስትል መፍቻውን እንደያዘ እጁን አነሣ።

«ቆዪ እስቲ፣ ዝም በይ።»

ለዘመናት ከላይዋ ሆኖ ነበር የሚሰማት፤ ስትርቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት አያውቅም ነበር። ከአጥሩ ባሻገር ፔዳሉ ቆሞ ጎማው በራሱ ሲንከባለል ትክ፣ ትክ፣ ትክ ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ፈጠነ። ከዚያ ቀጠነ። ዘሚካኤል አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚሰማውን ከሚመስለው መለየት እስኪያቅተው ድረስ ቆሞ አዳመጠ።