እማዬ በእጇ የምታየው እንጨት

እንጨቱ ከማሽኑ ሲወጣ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩትና ማሽኑን አጠፋሁት።

«የማሽኑን ቢላ ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ! ዱልዱም ሆኖ አግኝቼው በግራይንደር ሳልኩልሽ» አለ ታናሽ ወንድሜ። ምስጋና ይጠብቃል ደግሞ!

ወንድሜ ሹፌር ነው። በመኪና የሚያህለው የለም፤ የእንጨት ሥራ ቤቴ ሲገባ ግን ደሜ ይፈላል። ቅርጽ የሚያወጣ ቢላ የሚሳለው በጠፍጣፋው ፊቱ ብቻ ነው። እሱ ቅርጹን ራሱን ሞርዶ ጨረሰው። አባዬ በእጁ ያበጀው ቢላ ነበር፤ ሁለት ክብ ጠርዝ፣ በመሃላቸው ጣት ልክክ የምትልበት ቦይ ያወጣል። ሌላ የለንም።

የጌጥ ጉዳይ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። እማዬ ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አባዬ ከመሞቱ በፊት ከመኝታ ቤቷ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በግድግዳው ላይ፣ በወገቧ ልክ፣ እንጨት ዘረጋላት። ጣቷን ቦዩ ውስጥ እያንሸራተተች ብቻዋን ትሄዳለች። ባለፈው ወር ቧንቧ ፈነዳና መንገዷ ላይ ካለችው አንዲት ደረጃ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ያለው ሁለት ሜትር እንጨት በሰበሰ፤ ነቅለን ጣልነው። ከዚያ ወዲህ እማዬ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ሰው ትጠራለች፤ ሰው ከሌለ ሽንቷን ይዛ ትጠብቃለች። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

«ቦዩ ትንሽ ሰፋ ቢል ምናለበት እታለም? ማን ያየዋል?»

«እማዬ ታየዋለቻ! በእጇ!» ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። «ውጣልኝ!»

ሌላ ቢላ ፍለጋ መሣሪያ መሸጫዎቹን ሁሉ ዞሬ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ያንኑ የተበላሸ እንጨት ወስዶ፣ ቆርጦ፣ ግድግዳው ላይ በብሎን አስሮት አገኘሁት። በጥፊ ልለው ቃጣኝ። ካቻቢቴውን ከእጁ ነጥቄ የመጀመሪያውን ብሎን መፍታት ጀመርኩ፤ እሱ እጄን ያዘ፤ ተጯጯህን።

«ምን ሆናችኋል?» እማዬ ከክፍሏ ወጣች። ጣቷ በአባዬ ቦይ ላይ ቀስ እያለ መጣ። የአሮጌውና የአዲሱ እንጨት መጋጠሚያ ጋ ሲደርስ ሰፊው ቦይ ውስጥ ዘፍ አለና እማዬ ቆመች። እግሯን ዘርግታ ደረጃዋን ፈለገች፤ አገኘቻት፤ ማንንም ሳትይዝ ወረደች። ሁለቴ የወደቀችባት ደረጃ ናት፤ አንዴ ክንዷ ተሰብሯል።

«አባታችሁን ስንቴ ለመንኩት» አለች፤ «ደረጃው ጋ ስደርስ የሚያስታውቀኝ ነገር አድርግልኝ ብዬ። መልኩን ያበላሸዋል አለኝ።»

ወንድሜ ጥርስ በጥርስ ሆነ። ይሄኔ ይባስ ነደድኩ።

«ይነቀላል! ትክክለኛውን ሠርቼ…»

«ለማን ነው ትክክለኛው?» እማዬ ፊቷን ወደ ድምፄ መለሰች። «አንቺስ ብትሆኚ፣ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ካቻቢቴውን አዙሬ መፍታት የጀመርኩትን ብሎን መልሼ አጠበቅኩት።